በትንሽ ቁጠባ ኢንቨስትመንትን መማር፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የሰፈሩት ጥያቄዎች ከስድስት ኪሎ፣ ከአምስት ኪሎና ከኮሜርስ ግቢ ተማሪዎች ጋር በተለያየ ጊዜ ስንነጋገር ደጋግመው የተነሡ ናቸው። መልሶቹ የተጻፉት ቤተሰብ ከሚልክለት፣ ከኖን ካፌ አበሉ ወይም ልጆች እያስጠና ከሚያገኘው ገንዘብ ላይ በየወሩ ጥቂት ለሚተርፈው ተማሪ ነው።

በወር የሚተርፈኝ 500 ብር ብቻ ነው። ይህን ይዤ ስለ ኢንቨስትመንት ማሰቤ ትርጉም አለው?

አለው፤ ትርጉሙ ግን ከብሩ መጠን ላይ አይደለም። በወር 500 ብር ለአራት ዓመት ሳያቋርጡ ቢያስቀምጡ ከኪስዎ የወጣው 24,000 ብር ይሆናል፤ በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ፣ ግብር ሳይታሰብ፣ ወደ 27,600 ብር ይደርሳል። በአራት ዓመት የተገኘው ወለድ እንግዲህ 3,600 ብር ያህል ነው፤ የማንንም ኑሮ አይለውጥም። በእነዚያ አራት ዓመታት የአንድን ባንክ ዓመታዊ ሪፖርት በየዓመቱ ያነበበ፣ የሚያነበውንም ከራሱ ጥቂት ብር ጋር ያያያዘ ተማሪ ግን የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል የሚያውቀው ነገር፣ ብዙ ሰዎች በአርባ ዓመታቸው ትልቅ ገንዘብ ከጠፋባቸው በኋላ የሚማሩት ነው። ስለዚህ በተማሪነት ዘመን ከገንዘቡ የሚጠበቀው ዋናው ፍሬ ማንበብን መልመድና የሚያጣድፍን ሰው እምቢ ማለትን መለማመድ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀጥሎ ያሉትን መልሶች ሁሉ የጻፍኩት ይህን ይዤ ነው።

ባንክ ያስቀመጥኩት ብር በዋጋ ንረት እየተበላ አይደለም? ታዲያ መቆጠቡ ምን ይጠቅማል?

እየተበላ መሆኑ እውነት ነው፤ መሸሸግም አያስፈልግም። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ያሳደገው በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ነበር። 72ን ለወለዱ በማካፈል ገንዘብ በስንት ዓመት እንደሚታጠፍ በግምት ማወቅ ይቻላል፤ በ7 በመቶ ወደ አሥር ዓመት ይወስዳል። ይህንኑ ስሌት ለዋጋ ብንጠቀምበት፣ ዋጋ በዓመት 14 በመቶ ቢጨምር ዕቃው በአምስት ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉንም ሁላችንም ያየነው ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ሂሳብ ውስጥ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የዋጋ ንረት ገንዘብን የሚበላው ቀስ እያለ ሲሆን፣ ያልተጠና ኢንቨስትመንት ግን በአንድ ቀን ሙሉውን ሊወስደው ይችላል። «ብርህ ባንክ ተቀምጦ እየሟሟ ነው» የሚለውን እውነት ጮክ ብለው የሚናገሩት ብዙ ጊዜ ቀጥለው አንድ ነገር የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። ከመመረቅዎ በፊት የሚያስፈልግዎ ገንዘብ ቢሟሟም ቦታው ባንክ ነው። የገንዘብ ተቀማጭ መድን ፈንድም በአባል ባንክ ወይም ማይክሮፋይናንስ ለተቀመጠ ገንዘብ እስከ 100,000 ብር ድረስ ዋስትና ይሰጣል፤ ለአክሲዮን ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለም።

መጀመሪያ ምን ያህል መጠባበቂያ ልያዝ?

ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ፦ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ ፎቶ ኮፒ፣ የስልክ ካርድ። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ከሆኑ የጥናት ጽሑፍ ማሳተሚያውን፣ የምረቃውን ወጪና ሥራ እስኪገኝ ያሉትን ወራት ይጨምሩበት፤ እነዚያ ወራት ከሚጠበቀው በላይ ይረዝማሉ።

ቤተሰቦቼ ክፍለ ሀገር ናቸው፤ ኑሮም ከብዷቸዋል። እነሱ እየተቸገሩ እኔ መቆጠቤ ልክ ነው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ ከሌሎቹ ጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደኝም ይኸው ነው። እናቱ በበሬ ሽያጭ የላከችለትን ብር አክሲዮን ላይ የሚያውል ልጅ በእኔ እምነት ተሳስቷል፤ ያ ገንዘብ የተላከበት ምክንያት ትምህርቱ ነውና። ከማስጠናት ወይም ከትርፍ ሥራ ያገኙትን ግን ከፍለው ጥቂቱን ለቤተሰብ መላክ፣ ጥቂቱን ማስቀመጥ ነውር የለበትም። ለቤተሰብዎ በግልጽ ይንገሩ። ተደብቆ የተቀመጠ ገንዘብ አንድ ቀን ሲታወቅ ቅሬታ ያመጣል፤ በምክክር የተቀመጠ ግን በክፉ ቀን የሁሉም መጠጊያ ይሆናል።

ዕቁብ ኢንቨስትመንት ነው?

ዕቁብ ቁጠባ ነው፤ ጥሩ ቁጠባም ነው፤ ትርፍ ግን አያስገኝም። አሥራ ሁለት የዶርም ጓደኞች በወር አንድ አንድ ሺህ ብር ቢጥሉ በየወሩ ለባለ ዕጣው 12,000 ብር ይደርሰዋል። በመጀመሪያው ወር የደረሰው ሰው በተግባር ከአሥራ አንዱ ጓደኞቹ ያለ ወለድ ተበድሯል፤ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ለአሥራ አንዱ ያለ ወለድ ሲያበድር ቆይቶ፣ የዋጋ ንረት የቀነሰውን 12,000 ብር ይቀበላል። ዕጣውን እግዚአብሔር ነው የሚያወጣው ይባላልና በዚህ የሚያማርር የለም፤ ነገር ግን ሂሳቡን ማወቅ ይገባል።

የዕቁብ ትልቁ ጥቅም ከይሉኝታ የሚመነጨው ሥርዓት ነው። ብቻውን ሲሆን በወር 200 ብር ማስቀመጥ ያቃተው ተማሪ፣ ዳኛና ጸሐፊ ባለበት ዕቁብ ግን 1,000 ብር ሳያጓድል ይጥላል። አደጋው ደግሞ አስቀድሞ ወስዶ የሚያቋርጥ ሰው ነው፤ ነባር ዕቁቦች ዕጣ ለደረሰው ሰው ዋስ ሳይጠሩ ብር የማይሰጡት ስለዚህ ነው። የተማሪዎች ዕቁብ ግን «እንተዋወቃለን» ተብሎ ዋሱ ይዘለላል፤ ክረምት ሲመጣም ሁሉም ወደየአገሩ ይበተናል። ዕቁባችሁ ከትምህርት ዘመኑ ማለቂያ በፊት የሚጠናቀቅ ይሁን።

አክሲዮን አሁን የሚገዛው የት ነው? በእርግጥ ገበያ ተከፍቷል?

ተከፍቷል፤ ገና ጀማሪ ነው እንጂ። በንጉሡ ዘመን በብሔራዊ ባንክ አስተባባሪነት አክሲዮን የሚያገበያይ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ፋብሪካዎች ሲወረሱ ቀረ። ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ የግል ባንኮች መቋቋም ሲጀምሩ አክሲዮን ተመልሶ መጣ፤ ሆኖም ገዢና ሻጭ የሚገናኙት በደላላ፣ በዘመድ፣ በጋዜጣ ማስታወቂያና ባንኮቹ ራሳቸው በሚያወጡት ጨረታ ነበር። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጥቶ ተቆጣጣሪው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ጀመረ። ቀድሞ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ሲሆን፣ ገዳ ባንክ ተከትሎታል።

በዚህ ገበያ ላይ የሚገዛው በቀጥታ በመሄድ ሳይሆን ባለሥልጣኑ ፈቃድ በሰጠው አገናኝ በኩል ነው። ስለዚህ «አክሲዮን ላገናኝህ» የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ የመጀመሪያው ጥያቄዎ ፈቃዱን ማን እንደሰጠው ይሁን፤ ሰውየው የነገረዎትንም ከባለሥልጣኑ ከራሱ ያረጋግጡ።

የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሽያጭ አምልጦኛል። ብገዛ ኖሮ ይጠቅመኝ ነበር?

ስለ ትርፉ መተንበይ አልፈልግም፤ ሽያጩ የሚያስተምረው ነገር ግን ብዙ ነው። ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. የኩባንያው 10 በመቶ ድርሻ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር በቴሌብር ለኢትዮጵያውያን ቀረበ። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ወይም 9,900 ብር፣ ከፍተኛው 3,333 አክሲዮን ነበር። በወር 500 ብር የሚቆጥብ ተማሪ ዝቅተኛውን ለመግዛት ብቻ ሃያ ወር ያስፈልገዋል፤ ያን ካደረገ ደግሞ የሃያ ወር ቁጠባው በሙሉ በአንድ ኩባንያ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ይበልጥ ያስገርመኛል። ስሙን የማያውቅ ሰው የሌለበት፣ በአገሩ ግዙፍ የሆነ አትራፊ ድርጅት ለአራት ወር ያህል አክሲዮኑን በስልክ ሲሸጥ ከርሞ፣ የተገዛው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን የገዙት ደግሞ 47,377 ሰዎች ነበሩ። ታዋቂ ስም ገዢ እንደማያጣ አድርገን ስናስብ ልንጠነቀቅ ይገባናል፤ እርስዎ አንድ ቀን መሸጥ ሲፈልጉ በሌላኛው ወገን ቆሞ የሚጠብቅ ገዢ ያስፈልግዎታልና።

አንድ ባንክ «30 በመቶ የትርፍ ድርሻ ከፈልኩ» ካለ፣ ብገዛ በዓመት 30 በመቶ አገኛለሁ ማለት ነው?

አይደለም፤ ብዙ አስተዋይ ሰዎችም እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። መቶኛው የሚሰላው አክሲዮኑ በተጻፈበት ዋጋ ላይ፣ ማለትም ሲወጣ በወረቀቱ ላይ በሰፈረው ዋጋ ላይ እንጂ እርስዎ በከፈሉት ዋጋ ላይ አይደለም። የተጻፈበት ዋጋ 1,000 ብር የሆነ አክሲዮን 300 ብር የትርፍ ድርሻ ቢያስገኝ ባንኩ 30 በመቶ ብሎ ማስታወቁ ልክ ነው። ያንኑ አክሲዮን እርስዎ ከሌላ ሰው በ1,800 ብር ገዝተውት ከሆነ ግን 300ው ብር ለእርስዎ ከ17 በመቶ በታች ነው፤ ከዚያም ላይ ግብር ይቀነሳል። ይህን ስሌት በስልክዎ ሂሳብ መሥሪያ አንድ ጊዜ ቢሠሩት የሰንጋ ተራ ባንኮች ማስታወቂያዎች ሁሉ በሌላ ዓይን ይታይዎታል።

ሌላም አለ። የተገኘ ትርፍ ሁሉ በጥሬ ገንዘብ አይከፈልም። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ካሳደገ ወዲህ ብዙ ባለአክሲዮኖች ትርፋቸው ተመልሶ ካፒታል እንዲሆን በጠቅላላ ጉባኤ እየተወሰነ አይተዋል። ለረጅም ጊዜ ለሚያስብ ሰው ይህ ክፉ ነገር አይደለም፤ የትርፍ ድርሻውን ለሚቀጥለው ሴሚስተር ወጪ ላሰበ ተማሪ ግን በኪሱ የማይገባ ገንዘብ ነው። በዚያ ላይ የአክሲዮን ቁጥር ሲበዛ ትርፉም አብሮ ካላደገ ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ይቀንሳል። ስለዚህ ባንኩ በጠቅላላ ስንት ቢሊዮን ብር አተረፈ ከሚለው ይልቅ አንድ አክሲዮን ስንት አስገኘ የሚለውን፣ እሱንም የአምስት ዓመቱን ጎን ለጎን አድርገው ይመልከቱ።

ዓመታዊ ሪፖርት ከየት አገኛለሁ? የሒሳብ ተማሪ ካልሆንኩስ እንዴት አነበዋለሁ?

አዲስ አበባ መሐል መኖር እዚህ ላይ ትልቅ ዕድል ነው። የባንኮቹ ዋና መሥሪያ ቤቶች ከስታዲየም እስከ ሰንጋ ተራ ባለው ሠፈር ተሰብስበው ይገኛሉ፤ ከኮሜርስ ግቢ በእግር ይደረሳል። ሪፖርቱን በየድረ ገጻቸው ያወጡታል፤ በኦዲተር የተመረመረውን ሂሳብም በጋዜጣ ያትማሉ። የቆዩ ጋዜጦችን ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ገብቶ ማገላበጥ ይቻላል፤ አሥር ዓመት ወደኋላ ሄዶ የዛሬውን ትልቅ ባንክ የዚያን ጊዜ ቁጥር ማየት ከየትኛውም ሥልጠና የበለጠ ያስተምራል።

ሲያነቡ ከሊቀመንበሩ መልእክት አይጀምሩ። መጀመሪያ የኦዲተሩን አስተያየት ይፈልጉ፤ «በስተቀር» የሚል ቃል ካለበት እዚያው ቆመው ከምን በስተቀር እንደሆነ እስኪገባዎ ድረስ ያንብቡ። ቀጥሎ ካበደረው ውስጥ በጊዜው የማይመለሰው ስንት እጅ እንደሆነና ካለፈው ዓመት መጨመር መቀነሱን ይዩ። ከዚያ የትርፉን ምንጭ ይመርምሩ፤ ከብድር ወለድ የመጣ ትርፍና ከምንዛሪ ለውጥ በአንድ ጊዜ የተገኘ ትርፍ ዕኩል አይታዩም፤ ሁለተኛው በሚቀጥለው ዓመት ላይደገም ይችላል። የኢንጂነሪንግም ሆነ የታሪክ ተማሪ ይህን ሊያነብ ይችላል። የሚያስቸግሩት ቃላት ከሃያ አይበልጡም፤ አንድ የአካውንቲንግ ተማሪ ጓደኛ በሁለት ከሰዓት በኋላ ያስረዳዎታል፤ እሱም እያስረዳ ይማራል።

ገንዘብ ሳያወጡ መለማመድም ይቻላል። ሦስት ኩባንያ መርጠው እንደገዙ አድርገው ደብተር ላይ ይጻፉ፤ ለምን እንደመረጧቸውም በሁለት ዐረፍተ ነገር ያስፍሩ፤ በዓመቱ ሪፖርታቸው ሲወጣ ምክንያትዎ ልክ እንደነበረ ይፈትሹ። ዋጋው ቢጨምርም ምክንያትዎ ስህተት ከነበረ ራስዎን አያመስግኑ።

በምስረታ ላይ ያለ ኩባንያ አክሲዮን ርካሽ ነው፤ በክፍያም ይሸጣል። ለተማሪ አይሻልም?

እኔ ራሴ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ በምስረታ ላይ ከነበረ አንድ ኩባንያ ገዝቻለሁ። ቢሮው የሚያምር፣ አስረጂዋ ትሑት፣ ብሮሹሩም ባለቀለም ነበር፤ «ከነገ ወዲያ ዋጋው ይጨምራል» ስለተባልኩ በዚያው ቀን ከፈልኩ። ኩባንያው ሳይመሠረት ዓመታት አለፉ፤ ቢሮው ተዘጋ፤ በመጨረሻ ዋናው ገንዘብ ሲመለስልኝ የአገልግሎት ክፍያ ብዬ የከፈልኩት አብሮ አልተመለሰም፤ የተመለሰውም ብር የገዛሁበትን ቀን ያህል የሚገዛው ነገር አልነበረውም። ያዘንኩት ከብሩ ይልቅ አንድም ሰነድ ሳላነብ በመፈረሜ ነው።

ዛሬ ሁኔታው ተሻሽሏል። በካፒታል ገበያ አዋጁ መሠረት ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ድርጅት ባለሥልጣኑ ያጸደቀው የደንበኛ ሳቢ መግለጫ (ፕሮስፔክተስ)፣ ማለትም ስለ ኩባንያውና ስለሚሸጠው አክሲዮን የሚያስረዳ ሰነድ፣ ሊኖረው ይገባል። ይህን መግለጫ ይጠይቁ፤ «እየተዘጋጀ ነው» ከተባሉ ያኔ ተመልሰው እንደሚመጡ ተናግረው ይውጡ። የአክሲዮኑ ገንዘብ የሚገባው በኩባንያው ስም በተከፈተ ዝግ የባንክ ሂሳብ (ኩባንያው እስኪመሠረት ገንዘቡ በማይወጣበት ሂሳብ) መሆኑን ያረጋግጡ፤ ወደ ግለሰብ ሂሳብ አስገባ ከተባሉ ሌላ ማጣራት አያስፈልግም። የአገልግሎት ክፍያው ስንት እንደሆነና ኩባንያው ባይመሠረት እንደሚመለስ ወይም እንደማይመለስ በጽሑፍ ይያዙ።

በቴሌግራም ስለሚሰበከው ፎሬክስና ክሪፕቶስ?

ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን፣ የአገሪቱም መገበያያ ብር ብቻ መሆኑን አስታውቋል። ገንዘብዎ ቢጠፋ የሚከሱበት በር የለም ማለት ነው። «በሳምንት 10 በመቶ እርግጠኛ ትርፍ» ለሚለው ደግሞ አንድ ስሌት ይበቃል፦ ትርፉ በዋናው ላይ እየተጨመረ በሳምንት 10 በመቶ የሚያድግ 1,000 ብር በዓመቱ ከ140,000 ብር በላይ ይሆናል። ይህን የሚችል ሰው የተማሪ አንድ ሺህ ብር አይለምንም። ትርፉ የሚገኘው ሌላ ሰው በማስገባት ከሆነ ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚከስሩት እርስዎ ያስገቧቸው የዶርም ጓደኞችዎ ናቸው። ገንዘብ ቢጠፋ ተሠርቶ ይመጣል፤ የጓደኛ እምነት ግን እንደዚያ አይመለስም።

በጥቁር ገበያ ዶላር ገዝቼ ባስቀምጥስ?

ሕገ ወጥ ነው፤ ሐሰተኛ ኖት የመቀበልና የመዘረፍ አደጋም አለበት። አይግዙ።

ወለድ አልፈልግም። ምን አማራጭ አለኝ?

ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ መስኮቶች በአብዛኞቹ ባንኮች አሉ፤ እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮችም አሉ። በሙዳረባ ሂሳብ የሚገኘው ከትርፍ የሚከፈል ድርሻ ስለሆነ አስቀድሞ የተቆረጠ መጠን የለውም፤ የመጋሪያውን ምጣኔና ያለፉትን ዓመታት ክፍያ ይጠይቁ። አክሲዮን ለመግዛት ካሰቡም የኩባንያው ሥራ ራሱ ከእምነትዎ ጋር የሚስማማ መሆኑን ይመልከቱ።

በስልክ ብድር ወስጄ አክሲዮን ብገዛስ?

አይሆንም። ብድሩ የሚመለሰው በሳምንታት ወይም በወራት፣ የአክሲዮኑ ፍሬ የሚገኘው በዓመታት ነው። ተመርቀው ሥራ ሲይዙ የወጪ መጋራት ክፍያም ከደመወዝዎ መቆረጥ ይጀምራል፤ በዚያ ላይ ሌላ ዕዳ አይጨምሩ።

ከገዛሁ በኋላ ምን ላድርግ?

ደረሰኙን፣ ውሉንና የምስክር ወረቀቱን ፎቶ አንሥተው በኢሜይልዎ ያስቀምጡ፤ ዋናውን ግን ዶርም ውስጥ አይተዉ። ስምዎ በፋይዳ መታወቂያዎ ላይ ባለው አጻጻፍ መመዝገቡን ያረጋግጡ፤ «ሃይሉ» እና «ኀይሉ» የተባለ አንድ ሰው በሁለት ሰነድ ላይ ሲገኝ ማስተካከያው ብዙ ደጅ ያስጠናል። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ይሂዱ፤ አንድ አክሲዮን ያለውም ገብቶ የመስማትና የመጠየቅ መብት አለው፤ ብዙዎቹ ጉባኤዎችም የሚካሄዱት እዚሁ ከተማ በሆቴሎችና በአዳራሾች ነው። ተመርቀው ከግቢ ሲወጡ ደግሞ አድራሻዎንና የስልክ ቁጥርዎን በአክሲዮን ክፍሉ መዝገብ ላይ ያስቀይሩ። በተማሪነታቸው አክሲዮን ገዝተው፣ ሲም ካርዳቸውን ቀይረው፣ የትርፍ ድርሻቸው በስማቸው ተመዝግቦ ሳለ ለዓመታት ሳያውቁ የኖሩ ሰዎች አጋጥመውኛል።